ሐኪሙ ዮሐን ዌየርና የአጋንንት ነገር

ዮሐን ዌየር በ1515 ዓ. ም. ማስ በሚባለው ወንዝ ዳር ግራቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በብራባንት መስፍን ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የሆላንድ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ ነጋዴ ነበረ። ልጁን በሱቅ አላስቀረውም፤ ላቲን እንዲማር ሰደደው። ያ ልጅ አድጎ ሐኪም ከሆነ በኋላ በጻፈው አንድ መጽሐፍ ምክንያት ስሙ እስከ ዛሬ ሲነሣ ይኖራል።

የመጽሐፉን ክብደት ለማወቅ አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1487 ዓ. ም. «የመተተኞች መዶሻ» የተባለ የላቲን መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ መተተኛ የተባለች ሴት እንዴት እንደምትታወቅ፥ እንዴት እንደምትመረመርና እንዴት እንደምትቀጣ ለዳኞች የሚያስተምር ነው። በ1532 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የወንጀል ሕግ በመተት ሰውን የጐዳ በእሳት እንዲቀጣ ደነገገ። ከዚህ የተነሣ በረዶ ወርዶ አዝመራውን ቢያጠፋ፥ ላሚቱ ብትነጥፍ፥ ሕፃን ታሞ ቢሞት፥ የመንደሩ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በአንዲት ረዳት በሌላት ድኻ አሮጊት ላይ ነበር። አሮጊቲቱ ተይዛ በሥቃይ ስትጠየቅ የተባለችውን ሁሉ አደረግሁ ትላለች፤ የባልንጀሮችሽን ስም ተናገሪ ስትባልም የጎረቤቶቿን ስም ትቈጥራለች፤ እነርሱም በተራቸው ይያዛሉ። ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአውሮፓ በዚህ ክስ የተገደሉት ሰዎች ከ40,000 እስከ 50,000 እንደሚደርሱ የዛሬ ታሪክ ጸሓፊዎች ይገምታሉ። አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ።

በዚያው ዘመን ያለ ምክንያት የሚያለቅሰው፥ ለብቻው የሚናገረው፥ በድንገት ወድቆ አረፋ የሚደፍቀው ሰው ጋኔን አድሮበታል ይባል ነበር። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ መምህር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ጢሱን በአፍንጫው ሲያሸቱት፥ ዛሩ ተነሣበት፥ ቡዳ በላው ሲባል ያላየና ያልሰማ መምህር ጥቂት ነው። ነገር ግን በአውሮፓ ነገሩ በዚህ አይቆምም ነበር። ጋኔኑን በሕመምተኛው ላይ የላከ ሰው አለ ተብሎ ስለሚታመን ላኪው ይፈለጋል፤ የአንዱ ሰው ሕመም የሌላው ሰው ወንጀል ሆኖ ወደ ፍርድ አደባባይ ይወጣል። ዌየር ዕድሜውን በሙሉ የታገለው ይህን ማሰሪያ ለመበጠስ ነው።

ገና በወጣትነቱ በቤቱ ተቀምጦ ያስተማረው ሰው ኮርኔሊየስ አግሪፓ ነበረ። አግሪፓ ሊቅ ቢሆንም ስለ ምስጢራዊ ጥበብ መጽሐፍ የጻፈ በመሆኑ አስማተኛ ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ይኸው ሰው በ1519 ዓ. ም. በሜስ ከተማ የሕግ ጠበቃ ሳለ መተተኛ ነሽ ተብላ ለተያዘች የባላገር ሴት ተከራክሮላት ነበር። በሴትዮዋ ላይ የቀረበው ዋና ማስረጃ እናቷ ቀድሞ በዚሁ ክስ ተቃጥላለች የሚል ነው። አግሪፓ የእናት ኀጢአት በልጅ ላይ በደም ይወርሳል ማለት የጥምቀትን ኀይል መካድ ነው ብሎ ተሟገተ፤ ሴትዮዋም ዳነች። ለእርሱ ግን ከከተማው መኳንንትና ካህናት ጋር መኖር አስቸጋሪ ሆነበትና በሚከተለው ዓመት ከሜስ ወጣ። ዌየር ከመምህሩ የተቀበለው ትልቁ ውርስ ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሌላም የተቀበለው ነገር አለ፤ ይህኛው ያስቃል። አግሪፓ ጥቁር ውሻ ነበረው። ከሞተ በኋላ ውሻው ጋኔን ነበረ፥ ጌታው ሲሞት ሮጦ ወንዝ ገባ የሚል ወሬ በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ፤ ታላላቅ ጸሓፊዎችም በመጽሐፋቸው አገቡት። ዌየር በበኩሉ ያን ውሻ በገመድ አሥሮ ብዙ ጊዜ ይዞት የዞረ እርሱ ራሱ መሆኑን ጻፈ። ስሙ «ሙሴ» ነበር፤ በፈረንሳይኛ ጌታ እንደ ማለት ነው። «ማድሟዜል» የምትባል እንስት ውሻም ነበረችው። ከዚህ በቀር ስለ እርሱ የሚባል ነገር አልነበረም። ወሬ እንዴት ጋኔን እንደሚፈጥር ዌየር የተማረው ከመጻሕፍት አስቀድሞ በዚህ ውሻ ነው።

ከአግሪፓ ከተለየ በኋላ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1545 ዓ. ም. የአርንሄም ከተማ ሐኪም ሆነ፤ በ1550 ዓ. ም. ደግሞ የዩሊኽ፥ የክሌቨና የበርግ መስፍን ዊልሄልም የቤተ መንግሥቱ ሐኪም አድርጎ ወሰደው። መስፍኑ በትምህርት የሚያምንና በሃይማኖት ጠብ መካከለኛውን መንገድ የሚወድ ሰው ነበረ። ዌየር በዚህ ጥላ ሥር ሃያ ስምንት ዓመት አገለገለ። እንዲህ ያለ ጠባቂ ባይኖረው ኖሮ መጽሐፉን ጽፎ በሰላም መኖሩ ያጠራጥራል።

መጽሐፉ «ስለ አጋንንት ማታለል» ይባላል። በ1563 ዓ. ም. ባዝል ከተማ ኦፖሪኑስ በሚባለው ሰው ማተሚያ ቤት ታተመ። ጊዜው ክፉ ነበር። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በደቡብ ጀርመን ከባድ በረዶ ወርዶ አዝመራውን ስላጠፋ ዊዘንሽታይግ በምትባል በአንዲት ትንሽ ግዛት ብቻ 63 ሴቶች መተተኞች ተብለው ተገድለዋል። ዌየር መጽሐፉን ለጌታው ለመስፍኑ አበረከተ፤ በሕይወቱ ሳለም እያረመና እየጨመረ ስድስት ጊዜ በላቲን አሳተመው።

በመጽሐፉ ያለው አሳብ በዛሬ ሰው ዓይን ሲታይ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ነው። ዌየር ሰይጣን የለም አላለም። ይልቁንም ሰይጣን እጅግ ብርቱና ተንኰለኛ ነው ይላል፤ የክርክሩም ጕልበት ከዚህ ይነሣል። ሰይጣን ያን ያህል ብርቱ ከሆነ አንዲት ጥርስ የሌላት አሮጊት ምን ልትረዳው ትችላለች? በረዶ ለማውረድ የእርሷ ድስትና ቅጠል ለምን ያስፈልገዋል? ከሰይጣን ጋር ውል ገባች የሚባለውንም እንደ ሕግ ዐዋቂ መረመረ፤ ሥጋ የሌለው መንፈስ እጅ ለእጅ ተማትቶ ውል ሊገባ አይችልም፥ ከአንዱ ወገን በማታለል የተደረገ ውልም ፈራሽ ነው አለ። እንግዲህ ሴትዮዋ አደረግሁ የምትለውን ሁሉ አላደረገችም። ታዲያ ስለ ምን አደረግሁ ትላለች? ዌየር የሰጠው መልስ የሐኪም መልስ ነው፤ ወይ ሥቃዩ አናግሯታል፥ ወይ ታማለች።

የዘመኑ ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ ደም፥ አክታ፥ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት የሚባሉ አራት ፈሳሾች አሉ፥ ጥቁሩ ሐሞት ሲበዛም ሰው ያዝናል፥ ይፈራል፥ የሌለውን ያያል ብለው ያስተምሩ ነበር። ሜላንኮሊያ የሚሉት ይህን ነው። ዌየርም ከጥንት ሐኪሞች ምሳሌ አመጣ፤ ራሱን የሸክላ ዕቃ አድርጎ አስቦ ሰው ሲቀርበው እሰበራለሁ ብሎ የሚሸሽ በሽተኛ ነበረ፥ ዶሮ ነኝ ብሎ የሚጮኽም ነበረ። እነዚህን ሰዎች ሐኪም እንጂ ዳኛ አልጠየቃቸውም። እንግዲያው በሌሊት በአየር በረርሁ፥ ከሰይጣን ጋር ዘፈንሁ የምትለዋ ሴት ከእነርሱ በምን ትለያለች? መተተኞች ሰውነታቸውን ይቀቡታል ስለሚባለው ቅባትም ጻፈ፤ ቅባቱ የሚሠራው ከአስተናግር ወገን ከሆኑ፥ ሰውን ከሚያስተኙና ከሚያስቀዡ ዕፀዋት መሆኑን ገለጸ። በረራው በሰማይ ሳይሆን በእንቅልፍ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በሌሊት ደረትን ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጣውንም ነገር ከመንፈስ ሥራ አውጥቶ ከበሽታ ቈጠረው።

የሃይማኖት ሊቃውንትን ያስቈጣው ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ስለ መተተኛ በተጻፈው ሕግ ላይ የሰጠው ትርጓሜ ነው። ዳኞች ሁሉ የሚጠቅሱት ይህን ቃል ነበር። ዌየር ወደ ዕብራይስጡና ወደ ግሪኩ ተመልሶ ቃሉ የሚያመለክተው መርዝ አጠጥቶ የሚገድለውን ነው ብሎ ተከራከረ። መርዘኛው ይቀጣ፤ መርዝ ያልሰጠችው አሮጊት ግን በምን ትሞታለች ማለቱ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ለሐኪሞችም ምሕረት አላደረገም። በሽታውን ያላወቀው፥ መድኀኒቱም ያልሠራለት ሐኪም ነገሩ መተት ነው ብሎ ዕውቀት ማጣቱን ይሸፍናል፤ በዚህም ሽፋን ሰው ይቃጠላል ብሎ ወቀሰ። ስለዚህ አንድ ሥርዐት አቆመ። ጋኔን ያዘው የተባለ ሰው በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሐኪሙ መርምሮ የሥጋ በሽታ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ኑሮው የተመሰከረለት ካህን ይጸልይለት። ጸሎትን አልሻረም፤ ተራውን ብቻ ለወጠ። ለዛሬ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙ ፊተኛ ሲሆን የላኪው ፍለጋ ይቀራል፤ ላኪው ካልተፈለገ ደግሞ እሳቱ አይነድም።

ዌየር በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ ሄዶ ያይ ነበር። አንዲት ልጃገረድ ጋኔን ይዟት ከሆዷ ጨርቅና ብረት ታወጣለች ተብሎ ሕዝብ ሲሰበሰብ ጨርቁን አንሥቶ መረመረው። በምራቅ ብቻ ርሶ እንጂ የምግብ ምልክት ሳይኖርበት ስላገኘው ጨርቁ ከሆድ ሳይሆን ከጕንጭ እንደ ወጣ ዐወቀ። በ1574 ዓ. ም. ደግሞ በኡና ከተማ ከአንድ ዓመት በላይ እህል ውኃ አልቀመሰችም የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የከተማውም ሹማምንት ይህንኑ መስክረውላት ነበር። ዌየር ልጅቱን ከእኅቷ ጋር ወደ ቤቱ አምጥቶ አስቀመጣት። አልዛተባትም፥ አላስገረፋትም፤ ቤተ ሰቡ ተጠባበቀና እኅቷ በስውር እንደምታበላት ተገለጠ። ነገሩንም በ1577 ዓ. ም. ጽፎ አሳተመ።

ከሁሉ ይልቅ ለትምህርት ቤት ሰዎች የሚጠቅመው የገዳማቱ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በልዩ ልዩ የሴቶች ገዳማት ውስጥ አንዲቱ ስትወድቅና ስትንፈራገጥ ሌሎቹ ተከትለው እየወደቁ፥ እንደ እንስሳ እየጮኹ፥ ማኅበሩ በሙሉ የሚታወክበት ጊዜ ነበር። በ1565 ዓ. ም. በግንቦት ወር ዌየር በኮሎኝ ከተማ ወዳለው የናዝሬት ገዳም ከሌሎች ጋር ሄዶ መረመረ። ያገኘው የመተት ዕቃ ሳይሆን ከውጭ ከሚመጡ ጐረምሶች ጋር የተጀመረ የፍቅር ነገር፥ ከዚያም የተነሣ በወጣቶቹ ልብ የታፈነ ፍርሀትና ጸጸት ነው። ለእንዲህ ያለው ነገር የሚያዝዘው መድኀኒትም ቀላል ነበር፤ የታመሙት እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ መለየት፥ እያንዳንዳቸውንም ወደ ዘመዶቻቸው መላክ።

ከዚህ በኋላ ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፎ በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት ታየ። በታንጋኒካ ከቡኮባ ከተማ አጠገብ በካሻሻ ባለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት በጥር 30 ቀን 1962 ዓ. ም. ሦስት ተማሪዎች ሊያቆሙት የማይችሉት ሳቅና ልቅሶ ያዛቸው። ከ159ኙ ተማሪዎች 95ቱ ተያዙ፤ በመጋቢት ወርም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከመምህራኑ አንድም የተያዘ አልነበረም። ሐኪሞች ደማቸውንና ምግባቸውን መርምረው መርዝም ተላላፊ ሕዋስም አላገኙም። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ነገሩ ተከትሏቸው ሄደ፤ ንሻምባ በሚባለው መንደር ብቻ 217 ሰዎች ያዛቸው። የዌየር መድኀኒት በዚህ ቦታ አልሠራም ማለት ነው። ምናልባት እርሱ ያዘዘው እያንዳንዷን ለብቻ መለየት ስለ ነበረ፥ የካሻሻ ልጆች ግን ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ባልንጀሮቻቸውን ስላገኙ ይሆናል። ሆኖም ሐኪሞቹ በካሻሻ መተተኛ አልፈለጉም፤ መርምረው የደረሱበትን በሚከተለው ዓመት በሕክምና መጽሔት ጻፉ።

የዌየር መጽሐፍ ወዳጅም ጠላትም አፈራ። በ1567 ዓ. ም. ዣክ ግሬቨን የተባለ ሐኪም ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። በ1584 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት ከእርሱ ብዙ ወስዶ ከእርሱም አልፎ የሚሄድ መጽሐፍ አወጣ። በአንጻሩ ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ከተከለከሉት መጻሕፍት ቈጠረችው፤ የሃይድልበርጉ ሐኪም ቶማስ ኤራስቱስ ተቃወመው፤ የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛም በ1597 ዓ. ም. ስለ አጋንንት በጻፈው መጽሐፍ ነቀፈው። ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን ታላቁ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ዣን ቦዳን ነበረ። ቦዳን በ1580 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ዌየርን የሚቃወም ረዥም ክፍል ጨመረ። የአስማተኛው የአግሪፓ ደቀ መዝሙር ነው ብሎ ራሱን ዌየርን የአጋንንት ወዳጅ አደረገው። ሜላንኮሊያ የሚይዘው ወንዶችን እንጂ የሰውነታቸው ጠባይ ቀዝቃዛና እርጥብ የሆነውን ሴቶችን አይደለም ብሎም ተከራከረ። ስለ መንግሥት ሥልጣን በጻፈው ነገር እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ሰው በዚህ ጕዳይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጻፉ ሊቅነት ብቻውን ሰውን ከጭካኔ እንደማያድነው ያሳያል።

የሆነ ሆኖ ቦዳን አንድ እውነተኛ ድካም አግኝቶ ነበር። ዌየር የሰይጣንን ኀይል ያን ያህል ካመነ፥ የተማሩ አስማተኞችም ከሰይጣን ጋር ይሠራሉ፥ ይቀጡም ካለ፥ ሴቶቹ ለምን ከዚህ ይወጣሉ? የዌየር መልስ ሴቶች በተፈጥሮ ደካሞች፥ ሞኞችና በቶሎ የሚታለሉ ናቸው የሚል ነው። ከእሳት ያዳናቸው በመናቅ ነው ለማለት ይቻላል። በ1577 ዓ. ም. ባወጣው እትም መጨረሻ ያኖረው ነገርም አሳቡን ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። 69 አጋንንትን በስማቸው፥ በማዕርጋቸውና በሠራዊታቸው ብዛት ዘርዝሯል። የዘረዘረው የአስማተኞችን ከንቱነት ለማሳየት ነበር፤ ማንም እንዳይሠራበትም ከድግምቱ ውስጥ ቃላት አጕድሏል። ነገር ግን ከሞተ በኋላ በብዛት የተነበበው ይኸው ዝርዝር ነው፤ አስማት ወዳዶች አጋንንትን ለመጥራት እንደሚያገለግል መጽሐፍ አድርገው ያዙት።

በ20ኛው መቶ ዓመት የአእምሮ ሐኪሞች ዌየርን እንደ ገና አገኙት። ሲግመንድ ፍሮይድ ታላላቅ መጻሕፍትን ቍጠር በተባለ ጊዜ የእርሱን መጽሐፍ አብሮ ቈጠረ፤ በ1935 ዓ. ም. ግሬጎሪ ዚልቡርግ የተባለው ሐኪም የአእምሮ ሕክምና አባት እስኪያደርገው ድረስ አመሰገነው። ምስጋናው ከልክ አልፏል። ዌየር የ16ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው፤ ዛሬ ሐኪም ስለ ሚጥል በሽታ ወይም ስለ ብርቱ የአእምሮ ሕመም የሚያውቀውን አላወቀም፤ የሚያምንበት ጥቁር ሐሞትም በእውነት አልተገኘም። የሕክምናው ማስረጃ የተሳሳተ ሲሆን ፍርዱ ትክክል ነበር። በትውልድ አገሩ በሆላንድ በ1986 ዓ. ም. ለሰው መብት የቆሙ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ሲመሠርቱ በስሙ የሰየሙት በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ዌየር በ1578 ዓ. ም. የቤተ መንግሥቱን ሥራ ጋሌኑስ ብሎ በታላቁ የግሪክ ሐኪም ስም ለሰየመው ልጁ ለቀቀለት። ከዚያም በኋላ በሽተኛ መጠየቁን አልተወም፤ በየካቲት 24 ቀን 1588 ዓ. ም. በሽተኛ ሊያይ በሄደበት በቴክለንቡርግ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመስፍኑ የዊልሄልም ልጅና አልጋ ወራሽ ዮሐን ዊልሄልም አእምሮው ታወከ። ሰውን ሁሉ ይፈራና ይጠረጥር ጀመር። ለማከም ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ጋሌኑስ ዌየር ነበረ። የተሰጠው መድኀኒት ሁሉ ሳይረዳው ቀረ፤ ዓመታትም ሲያልፉ ጋኔን የሚያስወጡ ካህናት ወደዚያው ቤተ መንግሥት ተጠሩ። እነርሱም አላዳኑትም፤ በ1609 ዓ. ም. ልጅ ሳይተካ ሞተ።